የአውራ ጣት ቦታ

ዙልሚራ ሦስት ሳምንት ግድግዳ ስታለብስ፣
ከየአገሩ ሥዕል ስትለቅም፣ ስትመልስ፣
የዋርሶን ፖስተር፣ የኪዮቶን ማኅተም፣
የሜክሲኮን አጽም፣ የሙምባይን ቀለም፣
በመርፌ ወግታ፣ በክር አያይዛ፣
ቆማ ታያቸዋለች ባዶ ገጿን ይዛ።

እኔ ምድር ቤት ነኝ፤ ቀለም እበጠብጣለሁ፣
ጣሪያው ሲንቋቋ እግሯን አውቀዋለሁ፤
ስምንት እርምጃ ወዲያ፣ ስምንት ወዲህ መጥታ፣
እራቷን ከምሳዋ አንድ ላይ ረስታ።

ሥራው እኮ ትንሽ ነው፤ ለሰርዲን ጣሳ ልብስ፣
ሦስት ቀለም ብቻ፣ ከመዳፍ የሚያንስ።
«አያቴ ያሠራው አርጅቷል» አለ ባለቤቱ፣
«አድሺው፤ ግን ሲያዩት ይምሰል የጥንቱን።»
(ይህን ስሰማ ሳቄን በቆርቆሮ ክዳን ያዝኩት።)

በመጀመሪያው ሳምንት ማዕበል ሣለች፤
በሁለተኛው ላይ ማዕበሉን ጠላች፤
በሦስተኛው «ኤስ»ን ጅራት ቀጠለቻት፣
ዋኝታ ሄደች መሰል፣ ሲነጋ አጣቻት።
ሁሉም ቆንጆ ነበር። ችግሩም እሱ ነው፤
ቆንጆ የሌላ ሰው፣ ቆንጆ የተዋሰው።
የተዋሱት ቀሚስ ትከሻው ይሰፋል፣
ሲራመዱበትም የማን ነው ያስብላል።

«ውጪ» አልኳት ማክሰኞ ደረጃ ላይ አግኝቼ፣
ሰማያዊ መዳፌን በጨርቅ አሽቼ፤
«ግድግዳሽ ጠግቧል፤ የራበሽ አንቺ ነሽ፤
ማቶዚንዮሽ ውረጂ፣ ይሽተት እንጂ ልብስሽ።»

ፋብሪካው ውስጥ ገባች። ሴቶቹ በረድፍ፣
ነጭ ቆብ፣ ነጭ ሽርጥ፣ ጣሳ በየመዳፍ።
ዴውሊንዳ ከዳር ናት፤ አርባ አንድ ዓመት ሙሉ
ጣሳና ወረቀት በእጇ ይዳራሉ።
ጣቷን አታይም፤ ወሬዋ ስለ ዝናቡ፣
ስለ ልጇ ፍቺ፣ ስለ ኪራይ ሒሳቡ፤
እጥፍ፣ ገልበጥ፣ ጫን፤ እጥፍ፣ ገልበጥ፣ ጫን፤
እንደ አራስ ጠቅልላ ስታስተኛ ጎን ለጎን።

ጫን ስትል ነው ዙልሚራ ያየችው።
አውራ ጣቷ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ያርፋል፤
ከቀኝ ጥግ፣ ከፊደሉ ትከሻ ዝቅ ብሎ።
ቀለሙ እዚያ ጋ ይሳሳል፣
ጥቂት በጥቂት ወደ ሰውየዋ ይሻገራል።
ከመደርደሪያ የቆዩ ጣሳዎች አወረደች፤
ዘንድሮ፣ አምና፣ ልጅ ሳለች የታሸገ፤
ሁሉም በዚያው ጥግ
ለውዝ የምታህል የገረጣች ጠባሳ።
አርባ አንድ ዓመት አንዲት ሴት
በየገበታው፣ በማታውቀው አገር፣
ፊርማዋን ስታኖር ማንም አላነበበም።

«ምነው?» አለች ዴውሊንዳ እጇን ሰብስባ፣
«አበላሸሁት እንዴ?»
ዙልሚራ መልስ የላትም። እርሳሷን
ከጸጉሯ ውስጥ መዘዘች፤
በዚያች ቅጽበት ግድግዳው ሁሉ ከኋላዋ ዝም አለ።

ሰኞ ንድፉን አመጣችልኝ።
የባሕር ሰማያዊ፣ የዝገት ቀይ፤
ሦስተኛውን ቀለም ለወረቀቱ ተወችው።
«ኤስ» ወገቧን ሰበር አድርጋ፣
አውቶቡስ ላይ ለቆመ ሰው
ጠጋ እንደምትል ሴት
ጥጓን ለቃለች።
ባለቤቱ መነጽሩን አነሳ፣ አወረደ፤
«ይሄ ባዶ ምንድን ነው? ረስተሽው ነው?»
«ሰው አለው» አለችው።

አልገባውም። ከፈለ ግን፤ ግማሹን ዛሬ፣
ግማሹን «ሰው ከወደደው» ብሎ።
የመጀመሪያውን ሺህ እኔው አተምኩ፤
አንዱን አንስቼ ጣቴን እዚያች ነጭ ላይ
ላሳርፍ ብዬ አፈርኩ፤ መለስኩት።

ትናንት ማታ ጣሪያው ደግሞ ተንቋቋ፤
ስምንት ወዲያ፣ ስምንት ወዲህ።
አሁን ደግሞ የሳሙና ካርቶን ነው አሉኝ።
ግድግዳው ላይ አዲስ ሥዕል ስትወጋ ሰማሁ፣
ነገር አልጨመርኩም።
ቀለሜን በጠበጥኩ፤
እጄን ልታጠብ ሄድኩና
ሳሙናውን ይዤ ብዙ ቆየሁ።