የምስማር ቀዳዳ

በሩ ጆንያ ነው፤ ቢመቱት አይጮህም፤
ጉሮሮዬን ጠረግሁ፣ ሌላ ዘዴ የለም።
የዳካ ክረምት ነው፤ ዝናብ ያባራበት፣
ቆርቆሮ በቆርቆሮ ትከሻ ያረፈበት፤
አንገቴ ላይ ባጅ፣ እጄ ላይ ታብሌት፣
ፀሐይ ሳትጠልቅ የምቆጥረው ሠላሳ ሁለት ቤት።

«ስም?»
«ኮሂኑር።»
«ዕድሜ?»
«ትልቁ ጎርፍ ሲመጣ ጡት አልጣልኩም ነበር፤
አንተ ከዚያ ቁጠር።»

ቆጠርኩ። ጻፍኩ። ደረስኩ ከአራተኛው ጥያቄ ላይ፦
«ከሰሜን ወደዚህ ለምን መጣሽ?» አልኳት፣ ፊቷን ሳላይ።
ከሥሩ ሳጥኖች አሉት፦ ሥራ፣ ጋብቻ፣ ትምህርት፣ «ሌላ»፤
ለ«ሌላ» የተተወችው መስመር አንድ ጣት የማትሞላ።

ሳቀች። ጣቷን ቀስራ ጣሪያውን አሳየችኝ፦
«ቆርቆሮዬን አንብበው፤ እኔን ምን ጠየቅኸኝ?»

ቀና አልኩ። በዛገው ጠርዝ፣ በግድግዳው ዙሪያ፣
ብርሃን ያንጠባጥባል እንደ ተቀደደ ጆንያ።
የምስማር ቀዳዳ ነው፤ ተነቅሎ፣ ተመትቶ፣
ተነቅሎ፣ ተመትቶ፣
ከአንዱ ቀዳዳ ጎን ሌላው ቀዳዳ በርክቶ።

«ብዙ ቤት አልሠራሁም፤ አንዱን ነው ያዞርኩት፣
ወንዙ በመጣ ቁጥር ነቅዬ የተሸከምኩት።
ይኼ የኬዋባሪ ነው፤ የአማቴ ደጅ፤
ያኔ ጀሙና ከማሳው ማዶ ነበር፣ የሩቅ ወዳጅ።
ይኼን ባሌ ተፋዝል በሌሊት ነው የነቀለው፤
እኔ ፋኖስ ይዤ፣ መሬቱ ከሥራችን ሲገመጥ እየሰማነው።
ሦስተኛውን ተወው።
እዚያ ልጅ ቀብሬያለሁ። መቃብሩንም ወሰደው።»

ከጎረቤት የስፌት መኪና ይርገበገባል።

«ወንዙ ሲበላ በልቶ፣ ሲጠግብ ደግሞ ይተፋል፤
መሃል ውኃ ላይ አዲስ ደሴት፣ ደለል ያነጥፋል።
እንሄዳለን። እንዘራለን። ኦቾሎኒ፣ ዱባ፤
ሁለት ክረምት ፀጥ ይላል፣ እንደ ታረቀ ሌባ።
በሦስተኛው ይመጣል።
ለካ ደለል የሚሉት ሰው ሲደልል ኖሯል!
በዚህ መንደር ያለን ሁሉ የአንድ ወንዝ ልጆች ነን፤
አባታችን ነው የበላን።»

«እንግዲያው ‹ሌላ› ላይ ‹ጎርፍ› ብዬ ልሙላው?»
«ቆይ» አለች፣ «አትቸኩል፤ እሱም ውሸት አለው።
ባለፈው በጋ ደወለ፣ ወንድሜ ሶለማን፦
‹መሬቱ ወጥቷል፤ ነይ፤ ሣር ለብሷል ማሳችን።›
ስልኩን ይዤ ቆየሁ። እርጥቡ ጭቃ ሸተተኝ፤
አልዋሽህም፣ እንባ ቀደመኝ።
ግን ሺውሊ ተኝታለች፣ ደብተሯ ደረቷ ላይ፣
ማራገቢያው ፀጉሯን ነፋ ነፋ ሲያደርገው ሳይ...
ፋብሪካ እሰፋለሁ፤ በቀን ሁለት መቶ እጅጌ፤
ዓሣ ሲያምረኝ የማንንም ፊት ሳላይ
እገዛለሁ፤ ተከራክሬ፣ መርጬ፣ ፈልጌ።
‹አልመጣም› አልኩት።
ያመጣኝ ወንዙ ነው፤ ያስቀረኝ ግን ሌላ።
ለሱ ሳጥን አለህ? ካለህ እሱን ሙላ።»

አልነበረኝም። አንዱን ካልነኩት ደግሞ መሣሪያው አያሳልፍ፤
ጣቴ «ሥራ» ላይ አረፈች፣ ዝንብ እንደሚያርፍ።
አረንጓዴ ምልክት። ቀጣይ።
ሠላሳ አንድ ቤት ቀረኝ።

ሳልወጣ ዝናቡ ወረደ። ኮሂኑር ብድግ አለች፤
ሳህን፣ ድስት፣ የቀለም ጣሳ ከያለበት ለቃቀመች።
ቀና ብላ አላየችም፤ ጠብታውን በልቧ ታውቀዋለች፦
ይኼ ለኬዋባሪ፣ ይኼ ለዚያ ሌሊት፣
ይኼ ለዱባው ደሴት።

ከሦስተኛው ሥር ምንም አላኖረችም።
ይወርድ ነበር፤
ወለሉ አፈር ነው፣ ይጠጣው ነበር።