የነፋስ መቃብር

ሥራዬ መዋሸት ነው፣ በቡልዶዘር ምላስ፣
ጉብታ መቆለል፣ ሸለቆውን መላስ፤
አቧራው ሲሰክን፣ የመጣ እንግዳ ሲያየው፣
ከጥንት የነበረ እንጂ፣ ትናንት የተገፋ እንዳይመስለው።

ሳውዝላንድ ነው ሀገሬ፤ አባቴ ቦይ ቆፋሪ፣
ረግረጉን ለበግ መንጋ፣ መስክ አድርጎ አሳማሪ።
ውሃ ወዴት መሄድ እንደሚሻ፣ በደረቱ ተኝቶ ያይ ነበር።
እሱን ብቻ አወረሰኝ። የቀረውን ጎልፍ አስተማረኝ፦
ኳሷ የት ትንከባለል፣
ዓይን በየት ይታለል።

በፖርቹጋል ጥድ ሥር፣ ሰባ ዓመት የተቀበረ
የድሮ አሸዋ ጉድጓድ፣ በአካፋ ጫፍ ፈልጌ አግኝቻለሁ፤
ጠርዙ ገና አልጠፋም፣
እንደ ዳነ ቁስል ነበር፣ ጣት የሚያውቀው።

ከዚያ ቬትናም ጠሩን፣ ነጭ አሸዋ ባሕር ዳር።
ንድፍ አውጪው ትሬቨና፣ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ፣
ሦስት ቀን ነፋስ ሰማ፤ ካርታም አልገለጠ ከቶ።
«ባለቤቱ ነፋሱ ነው፣ እኛ ተከራይ ነን» አለ፤
በአራተኛው ቀን ቁጭ ብሎ፣ አሥራ ስምንት ጉድጓድ ሳለ።

ሰባተኛው ቀጥ ያለ ነበር፣ እንደ ተወጠረ ገመድ፣
አራት መቶ ሜትር ያህል፣ ወደ ማዕበሉ የሚወርድ።
መሃሉ ላይ ግን፣
ከጉልበት የማያልፍ ጉብታ፣ ዛጎል የተለጠፈበት፣
አንድ የሸክላ ስኒ፣ ዝናብ የሞላው።
«ካሣ ከፍለን እናነሣዋለን» አለ ሥራ አስኪያጁ፣
«እንደ ሌሎቹ አርባ ሦስት።»

ባ ኛን መጣች። ሰባ ዘጠኝ ዓመቷ፣ የጎማ ጫማ፣ ሾጣጣ ባርኔጣ።
ቀያሹ ክዋት ተረጎመልን፦
«ባሌ ዓሣ ሊያጠምድ ወጣ። ጀልባው ሳንቃ ሳንቃው ተመለሰ፤
እሱ አልተመለሰም።
ጭቃ አቡክተን ሰው ሠራን፣ አጥንቱን በእንጆሪ ጭራሮ፤
ስሙን ወደ ባሕሩ ጠርተን ጠርተን፣ ያን ጭቃ ቀበርን።
የነፋስ መቃብር ይባላል።»

ሥራ አስኪያጁ ቀለለው፦ «እንግዲያ ባዶ ነው!
ሬሳ ከሌለበት፣ ማንሣቱ ምን ከብዶ ነው?»

እሷም፦ «አጥንት ያለው ሙት፣ ሲያዞሩት አብሮ ይዞራል፤
የኔው በነፋስ ነው የሚመጣው። ቤቱን ብታነሡበት፣
አድራሻውን ማን ይነግረዋል?»

ዝም አልን።
ትሬቨና እርሳሱን አወረደ፣ በምላሱ ነካው፣ መልሶ ሰካው።
እኔ እጄን አየሁ። እኔም እኮ የሌለውን
የነበረ አስመስዬ ነው የምበላው፤
እሷ ባል አቦካች፣ እኔ ሸንተረር።
ጉድጓድ ሁሉ ጠባቂ ነው፤ የኛው ኳስ፣ የሷው ሰው።

በማግሥቱ ሰባተኛው ታጠፈ፣
ከጉብታው በስተግራ፣ እንደ ክንድ።
ሦስት ሳምንት ገፋሁት። እሷ ከጎኔ ቁጢጥ ብላ
የናፍጣውን ጢስ በባርኔጣዋ ስታራግብ ትውላለች፤
ማታ ዘወር ስል፣ ዱካዬን በመጥረጊያ ስታጠፋ አያታለሁ።

«እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» ያለችው አህያ
እዚያ ብትመጣ ታፍር ነበር። ሰርዶ ነው የዘራነው፣
ሌሊት ሌሊት ውሃ የሚረጭ፣ ንጋት ንጋት የሚታጨድ፣
አርባ ሦስት ሙታን ለቅቀውት በሄዱት አፈር ላይ።
ስለነሱ መስመር ያጠፈ የለም።
እኔም አልጠየቅሁም።

አሁን ኡራጓይ ነኝ። ላሞች አጥሩን ይታከካሉ።
ክዋት ጻፈልኝ፦ አዲስ ባለቤት መጥቷል፣ እድሳት ይፈልጋል፤
ተጫዋቾቹ «ሰባተኛው በከንቱ ጠመመ» ይላሉ።
«ለማቅናት ስንት ትጠይቃለህ?
ባ ኛን ባለፈው መስከረም አረፈች፤ እዚያው ቀበርናት።
ጉብታው አሁን ባዶ አይደለም።»

ገና አልመለስኩለትም።
ዛሬ አሥራ ሁለተኛውን፣ ጭው ባለ ሜዳ፣ ምንም በሌለበት፣
ወደ ግራ አጠፍኩት።
ትሬቨና መጣ፣ ንድፉን ገለጠ፣ ሣሩን አየ፣ እኔን አየ።
«እዚህ ምን አለ?»
ሞተሩን አላጠፋሁም። ይስማኝ አይስማኝ እንጃ፣
«ነፋስ» አልኩት።