የሾፌሩ ወፍ

ገና ሳይነጋ ነው ሞተር የማሞቀው፤
የበረሃ ጥር ነው፣ አጥንት ውስጥ የሚዘልቀው።
ሰባት ሰው ጭኛለሁ፣ ሰባት መነጽር፣
አንዲት እንቅልፍ የማታውቅ መሪ፣ ሱሃይር።

እነሱ ወፍ ይቆጥራሉ፤
እኔ እነሱን።
ያቺ ሄንድሪካ፣ ጓንቷን በጥርሷ አውልቃ የምትጽፈው፤
ያ ቶርቢዮርን፣ ሌሊቱን ሲስል አድሮ፣ ወፍ ሲያይ ብቻ ሳሉ የሚያርፈው፤
ሁለቱ እኅትማማቾች፣ ከፊንላንድ የመጡት፣
ባንድ ቴርሞስ ክዳን ተራ በተራ የሚጠጡት።
ይኸው ነው የኔ ዝርዝር።

አዝራቅ ደረስን።
“አዝራቅ” ማለት ሰማያዊ፤ ድሮ ልክ ነበር ስሙ፤
ዛሬ ጭቃው ተሰንጥቆ፣ እንደ አሮጊት ተረከዝ ነው መልኩና ቀለሙ።
አንዲት ኩሬ ቀርታለች፣ ሸምበቆ የከበባት፤
ከእንጨቱ ጎጆ ገብተው በጠባቧ መስኮት አጮለቁባት።
“ዳክዬ፣” አለች ሱሃይር ሹክ ብላ፣ “ሦስት... አይ፣ አራት... ዘጠኝ፤”
ሄንድሪካ ጻፈች። እኔን ግን ሌላ ቁጥር አላስቀመጠኝ።

አያቴ፣ ቼቼኑ ሽማግሌ፣ ጎሾቹን እዚሁ ነበር የሚነክሯቸው፤
እኔም ዋና የተማርሁት ተንጠልጥዬ በጅራታቸው።
ያ ጥቁር ድንጋይ ይታያችኋል? ከነዳጅ ማደያው ጀርባ፣ አሮጌ ጎማ የተደገፈበት?
እሱ ነበር ዳርቻው፤ የሰፈር ልጅ ሁሉ የሚዘልበት።
ከዚያ ቧንቧ መጣ። ከተማው ጠምቶት ነበር።
ከተማ ሲጠማው አይለምንም፤ ይጠጣል።
ጠጣ። ጎሾቹ ተሸጡ፤ አያቴም ሞቱ፤
ወፎቹ ብቻ፣ አድራሻ መቀየሩን እንዳልሰማ ፖስተኛ፣ ይመጣሉ በየብርድ ወራቱ።

ይህን አልተናገርሁም። ሾፌር ሲጠየቅ ነው የሚናገር፤
የተጠየቅሁት ደግሞ የሽንት ቤቱ መንገድ ነበር።

በማግስቱ ወደ ተራራው። ዓለቱ ቀይ፣ ገደሉ ቀይ፣
ከላይ እንደ ታጠበ ሳህን ጠብታ የሌለበት ሰማይ።
የሚፈለገው የሶርያ ሴሪን ነው፤ ቢጫ፣ ያውራ ጣት ልክ፤
ባሕር ያቋረጡት ለሱ ነው፤ እሱ ካልታየ ጉዞው ሁሉ ድክ ድክ።
ዳና ላይ ዳና ፍለጋ ወጡ፣
ጽዱን ቅጠል በቅጠል እየቃኙ፤
እስከ ቀትር ምንም አላገኙ፤
ከቀትርም በኋላ አላገኙ።

እኔ ታች ነኝ፣ ከመኪናዬ ጋር። የአስር ሶላት ደረሰ፤
ውዱእ ላደርግ ጀሪካኑን ሳዘነብል ውኃው በክርኔ ፈሰሰ፤
ከድንጋይ ስርጉድ ገባ፤ እፍኝ የማትሞላ ኩሬ ሠራ።
አንድ እግሬን ታጥቤ ሌላውን ሳነሣ

መጣ።

ቢጫ።
ከየት እንደ ወረደ እንጃ።
ጠጣ። ቀና አለ። ጠጣ።
ሌላ ወረደ፤ ሦስተኛ፤ ከዚያ ቁጥሩ ጠፋብኝ፤
አንድ እግሬ ታጥቦ፣ አንዱ አየር ላይ፣ እንደ ሽመላ ገተረኝ።
ሬዲዮው ከኪሴ “ሚርዛ፣ ሚርዛ፣ ይሰማሃል?” ይላል፤
ይሰማኛል። ግን እጄን ባንቀሳቅስ ይበራል።
ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ፤
ሶላቴ ቆሞ ጠበቀኝ።

ሲመለሱ ነገርኋቸው።
ቶርቢዮርን ሳለ።
ሄንድሪካ እስክሪብቶዋን ቀስራ ሱሃይርን አየቻት።
“ደንብ ነው፣” አለች ሱሃይር፣ ዓይኔን ሳታይ፤ “ቡድኑ ያላየው አይጻፍም።”
ልክ ናት።
የኔን ሐይቅስ ማን ጻፈው?

ከእኅትማማቾቹ ታላቂቱ ብቻ፣ “ምኑን ነው የጠጣው?” አለችኝ፤
በሁለት ቀን ውስጥ መጀመሪያዋ ናት፣ ሌላ ነገር የጠየቀችኝ።
ስርጉዱን አሳየኋት። ደርቋል።
ተንበርክካ ጣቷን አስገባች፣
ርጥበቱ እንዳለ ነው፤ ጣቷን አሸተተች።
ጥቁሩን ድንጋይ ልነግራት ነበር፤ ቋንቋ አጠረኝ፤
የነገረችኝንም እንጃ፣ በፊንላንድኛ ነው ያወራችኝ።

ጀሪካኑን አነሣሁ።
ለራዲያተሩ የሚበቃውን አስቀርቼ
ሌላውን አፈሰስሁ።
ሞተር አስነሥቼ ቁልቁል ስንዞር በመስታወቴ አየኋት፦
እፍኝ የማትሞላ ውኃ፣ ዓለቱ መሐል።
ሰማያዊ ነበረች።