ጽዋ በሦስተኛ ፎቅ

ኔሊዳ፣ ከገበያ ይዘሽው ስትመጪ፣
እንደ ሕፃን ታቅፈሽ ደረጃ ስትወጪ፣
ገና ከበሩ ላይ አወቅሁት ቅጠሉን፣
መርፌ የመሰለውን፣ ቀጭኑን፣ ስሉን።

"ጽዋ አበባ ይሉታል" አልሽኝ ተደስተሽ፣
ነጩን አፉን፣ ቢጫ ጉሮሮውን አሳይተሽ።
እኛ ከብት ነጂዎች ግን፣ ከኮርዶባ ወዲያ ማዶ፣
"ቹቾ" ነበር የምንለው፤
ከብት የሚያንቀጠቅጥ፣ እንደ ወባ፣ እንደ በረዶ።

ድርቅ በገባ ዓመት፣ ሣር ሁሉ ሲያልቅ ከሜዳው፣
እሱ ብቻ ለምልሞ ቆየ፣ ያ ባለዕዳው።
ሰባት ጊደሮች ጋጡት። ሰባት።
አንዷን እኔ ነኝ በጡጦ ያሳደግኋት።
ስሟን ጠራሁ ማታ፣ ከአጥር ሥር ወድቃ፤
ዓይኗ ዞረ ወደ እኔ፣ እግሯ አልታዘዘም በቃ።

ይህን ነገርሁሽና "ከቤቴ ይውጣ፤
የሞት ጽዋ ነው" ብል፣ ሳቅሽ፦
"ኤውሴቢዮ፣
የትኛዋ ላም ናት ሦስተኛ ፎቅ የምትመጣ?
ይልቅ ሸክላው ከሥሩ ቀዳዳ አለው ወይ?
ጠጠር አንጥፍበት፤ አኑርልኝ ከፀሐይ።
ውኃ ከተኛበት ሥሩ ይበሰብሳል" አልሽ፣
አፈርና አሸዋውን እንደ ሊጥ እያቦካሽ።

ያን ዓመት ሙሉ በረንዳውን ሸሸሁ፤
የማቴ ሻዬን ወጥ ቤት፣ ግድግዳ እያየሁ ጠጣሁ።

ዳሌሽ ተሰብሮ ከተኛሽ ይኸው ወር ሊሞላሽ፤
በአምስተኛው ቀን ደወልሽ።
"በላህ ወይ?" እንኳ አላልሽ፤
"አበባው?"
ብቻ አልሽ።

ዋሸሁሽ። "ደህና ነው" አልሁ።
በጥር ሐሩር ደርቆ ነበር፣ ተንጠልጥሎ፣
ከሸክላው አፍ ላይ የእኔን ጢም መስሎ።
የበግ ጠጉር መሸለቻውን ከሣጥኔ አወጣሁ፤
ልነቅለው ነው መሰለኝ መጀመሪያ የተነሣሁ።
ግን እጄ ሲሶውን ቆረጠና አቆመ፤
ውኃ ቀዳ፣
እኔን ሳያማክር ጠላቴን አከመ።

ዛሬ፣ በሃያኛው ቀን፣ ፓራና ወንዝ ጉም ለብሶ፣
ሃያ አንድ ጽዋ ቆጠርሁ፣ ጤዛው ከአንዱ ወደ አንዱ ፈስሶ።

ይቅር ብዬዋለሁ አልልም፤ ዛሬም እነዚያ ሰባቱ
ከሕልሜ አጥር ቆመው ያድራሉ፣ በየሌሊቱ።
ግን ወንበሬን፣ ስትመለሺ፣ በረንዳው ላይ ታገኚዋለሽ፤
ሸክላውንም ትንሽ ወደ ፀሐይ አዞርሁልሽ።

የጎረቤታችንን ድመት ብቻ በመጥረጊያ አባረርኋት፤
ቅጠል ልትቀጥፍ ነበር።
"ሰባት ይበቃል፣
ስምንት አታደርጊውም" አልኋት።