ጳጉሜን የማታውቅ ካሜራ

ከቅዳሜ ገበያ ወረድ ብሎ፣ ከብየዳው ቤት ጀርባ፣
አንዲት ሱቅ አለችኝ፣ ክረምት በጣራዋ የሚገባ።
ጠረጴዛዋ ላይ ሆዳቸው የተከፈተ ኮምፒውተሮች፣
ጥርሳቸው የረገፈ ኪቦርዶች፣ የተጠላለፉ ገመዶች።
ብሎን የማጠራቅመው በቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ፣
ማታ ስቆጥር አንድ ይጎድላል፤ እንዲህ ነው የሱቅ ኑሮ።

ባለፈው ማክሰኞ ወይዘሮ ያለምዘርፍ መጡ፣
ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ፣ ከፌስታል አንድ ሣጥን አወጡ።
«የእንዳላማው ነው» አሉ። «አይነሣም፤ ሞቷል መሰለኝ።
አንተ የሱ ስካውት ነበርክ፤ እስቲ ሞክርልኝ።»

እንዳላማው፣ የስካውት አለቃችን፣ የሂሳብ መምህር፣
አራዳ በቁምጣው ቢስቅ ቁምጣውን የማይቀይር።
ቅዳሜ በፊሽካው ከዶሮ ቀድሞ ያስነሣናል፣
እስከ ቀሃ ወንዝ በሰልፍ፤ ወንዙ ዳር ሰልፉ ይፈርሳል።
አንዱ ቀጋ ይለቅማል፣ አንዱ ቋጠሮ ያስራል፣
ሰጠኝ ኮምፓስ በእጁ ይዞ ሰሜንን ይስታል።
እሱ ከሁላችን ኋላ፣ ካሜራው ደረቱ ላይ።
«ከፊት የሄደ መንገድ ያያል፤
ከኋላ የሄደ የደከመውን ልጅ ያያል» ባይ።

ሦስት ሌሊት ታገልኩ። መብራት ሁለቴ ሄደ፣ ሁለቴ መጣ፣
ዲስኩ ቋ፣ ቋ እያለ፣ ነፍሱ ልትወጣ።
ከጎረቤቴ ሥጋ ቤት ፍሪጅ፣ ከሽንጡ ጎን አሳደርኩት፣
በነጋታው በሌላ ገመድ፣ በሌላ ሳጥን ቀጠልኩት፤
ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ
አንድ ፎቶ፣ ሁለት፣ መቶ፣ እያሳለ ሲተፋ አየሁት።

አንገረብ ግድብ፤ ሽመላ በአንድ እግሩ፣ እንደ ተቀጣ ተማሪ።
ወይራ ግንድ ላይ ጉንዳን፤ ከኛ የተሻለ ሰልፍ አክባሪ።
የሰጠኝ የተቀደደ ጫማ። የፋሲል ግንብ፣ በስህተት የገባ፣
ደብዝዞ፣ አንሶ፤ ከፊቱ ግን ጠርታ
ያልፈነዳች አንዲት አደይ አበባ።

ከዚያ ቀኑን አየሁ።
ፎቶው ሁሉ በአሥራ ሁለት ማኅደር፣ በየወሩ ታጉሯል።
ጳጉሜስ?
የሩፋኤል ዕለት፣ ኩስቋም ጥድ ሥር፣ ድንኳኑ ተደርምሶ
ሸሚዛችንን አውልቀን በዝናቡ ስንጨፍር፣
እሱ ካሜራዋን በባርኔጣው ሸፍኖ
ራሱን ለዝናብ ሲገብር?
ካሜራዋ ጳጉሜን አታውቅም፤ «ሴፕቴምበር» ብላ አልፋዋለች፣
ያን የኛን ቀን የሰው ወር አልብሳዋለች።

ተቀመጥኩ። ፕሮግራም ጻፍኩ፣ ሃያ መስመር የማይሞላ፣
እስከ አሥራ ሦስት የሚቆጥር።
ሁለቴ ተሳሳተ፤ በሦስተኛው ገባው፤
አምስት ቀን የምታህል ማኅደር ከፍቶ
የራሱን ልጆች ጠራቸው።

ሐሙስ ወይዘሮ ያለምዘርፍ መጡ። ወንበር ሰጠኋቸው።
አንድ በአንድ፣ ሳይቸኩሉ፣ ሽመላውንም ጉንዳኑንም ዓይናቸው ለቀመ።
«እሱስ የለበትም?» አሉ።
ከአራት ሺህ ፎቶ አንዱን አወጣሁ፤ ዝናብ፣ የተንጋደደ ጥድ፣
በቀኝ ጥግ፣ ሌንሱን በከፊል የጋረደ
አንድ አውራ ጣት።
ልሰርዘው ነበር እኮ።

ጎንበስ አሉ። መስታወቱን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት።
«ይሄ ጥፍር፣» አሉ፣ «የቆጡ በር የጨፈለቀው ጥፍሩ ነው፤
የበኩር ልጃችን የተወለደ ለት።»
ከዚያ ምንም አላሉም። እኔም ዝም።
ውጭ ብየዳው ብልጭ ይላል፣ ድርግም።

ሂሳብ አልተቀበልኩም። ሣጥኑን እስከ ታክሲው ሸኘሁት።
ማታ ቆርቆሮዬን ዘርግፌ
ብሎን ቆጠርኩ፤ ደግሜ ቆጠርኩ።
አንድ ተረፈኝ።