ከፋይ

በሠላሳ ስድስተኛው የሾዋ ዓመት፣
ሺሚዙ ወደብ ላይ፣ የዓሣ ሽታ በማይጠፋበት፣
ከፋብሪካው ጀርባ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣
መስኮቱ የማይከፈት፣ በሩ የማይጠብቅ።
እኔ ሳህን አጣቢ፣ ገና ዐሥራ ዘጠኝ፤
ሙራኮሺ ቺግሳ ነበረች ያስተማረችኝ።
ትምህርቷም ይህ ነበር፦ ዝም ብሎ መቁጠር፣
በስንጥር ጫፍ መንካት፣ ደግሞ መቁጠር።

ዶክተር ኢናጋኪ ከሰሌዳው ፊት ቆሞ፣
«እዚህች ፊደል ላይ ምቱልኝ» ይላል ደጋግሞ።
ባክቴሪያዋ ታውቅበታለች ቅመም መሥራት፤
ግን ጥቂት ሠርታ «በቃኝ»፣ ከዚያም መተኛት።
እሱ የሚመኘው ያቺን «በቃኝ» መንቀል፣
ከሺህ ገጽ ደብዳቤ አንዲት ቃል።

ቺግሳ በጭምብሏ ሥር፣ ሳቋ ሳይሰማ፣
«መድኃኒቱ ዕውር ነው፣ አያውቅም ዒላማ፤
ዱላ ይዞ ገበያ መሐል እንደገባ ሰው
ያገኘውን ሁሉ ነው የሚዠልጠው።
አነጣጥሮ ተኳሽ ካለ በዚህ ቤት፣
እሱ ዐይናችን ነው፣ ሌሊት በሌሊት።»

ቢጫውን ዱቄት ስትመዝን «አታስነጥሺ» ትለኛለች፤
ትንፋሿን ይዛ፣ ጠብታ በጠብታ ታወርዳለች።
ሰዓቱን ጠብቃ ታጥበዋለች፤ አብዛኛው ሞቷል፣
ከሺህ አንዱ ተንገዳግዶ ይተርፋል።
ማለዳ ሳህኑ ላይ፣ እንደ ጨው ፍንጣሪ፣
ነጥብ ነጥብ ብሎ ይወጣል ነዋሪ።

አባቷ የእንጨት ጫማ ማሰሪያ ሰፊ ነበር፣
ጥቁር ከፋይ በጥቅል የሚያቆም ከበር፤
የላስቲክ ጫማ መጣና ሱቁ ተዘጋ፣
ጥቅሉ ለልጁ ቀረ፣ ያለ ዋጋ።
ከፋዩን ቆርጣ፣ ቀቅላ፣ በእንጨት ላይ ወጥራ፣
ሳህኑን ታሳርፍበታለች፣ እስትንፋሷን ቆጥራ፤
የጨርቁ ጠጉር ከየመንደሩ ጥቂት ቆንጥሮ
ለሌላው ሳህን ያወርሳል፣ ሥፍራ በሥፍራ ዘርዝሮ።

በዚያኛው ሳህን ውስጥ አስመሳይ ቅመም አለ፣
«ጠግበሻል፣ አቁሚ» እያለ የሚያታልል።
ያመነችው ሥራ ትታ በረሃብ ትሞታለች፤
«በቃኝ»ን የረሳች ብቻ ትቆያለች።

የዝናቡ ወር አለፈ፤ አውሎ ነፋስ መስኮት ሰበረ፤
ስንጥሩ በየጣሳው ተከመረ።
ባዶ ሳህን። እንደገና ባዶ።
ቆዳዬ በሳሙና ተልጦ፣ ነዶ።

አንድ ሌሊት ጓንቷ ተቀዶ ጣቷ ቢጫ ሆነ።
ከቧንቧው ሥር ረጅም ሰዓት አጠበች።
ወደ እኔ ሳትዞር፣ «እኔ ውስጥስ» አለች፣
«የትኛዋን ፊደል ነክቶ ይሆን?»
መልስ አልነበረኝም። ውሃው ይወርዳል።

በአራት ሺህ መቶ ዐሥራ ሰባተኛው ሳህን
ከዳር አንዲት ነጥብ። «ነይ እዪ፣ ዐይኔ እንዳይሆን!»
አየሁ። ትሠራለች፣ ትሠራለች፣ አታቆምም፣
ጎረቤት ሁሉ ከእሷ በልቶ ባይጨርስም።

ዶክተሩ ሳኬ አስመጣ፤ ፎቶ ተነሣ፤
ሰነዱ ላይ የሱ ስም አለ፤ የሷ ተረሳ።
ፋብሪካው ሦስት ጋን ተከለ፣ ከዚያም ሠላሳ፤
«በቃኝ» ማለትን፣ ከዚያች ነጥብ ተምሮ፣ እሱም ረሳ።

ቺግሳ በጥር ሥራ ለቀቀች። ምክንያት አልጻፈች።
ከሐኪም ቤት መልስ በሩ ላይ ቆማ፣
«ሳህኖቹን በደንብ አፍዪ» ብላኝ ሄደች።

ሁሉ ድርሻውን ይዞ ከዚያ ክፍል ሲወጣ
ከፋይ ብቻ ቀረ፤ ማንም ለሱ አልመጣ።

እኔ ወሰድኩት። አሁን ሰማንያ አልፎኝ፣
ጠጉሩን በአውራ ጣቴ ወደ ኋላ እዳብሳለሁ።
አንዳንዱ ሥፍራ ተመልጧል፣ ሌላው ገና ለስላሳ ነው።
ሳላስበው መቁጠር እጀምራለሁ።