ቀሪ

አዳማ፣ የክፍያ መንገዱ መውጫ፣ ሦስተኛው መስኮት ላይ የሌሊት ተረኛ ነኝ፤
ነፋሱ ኮረብታው ላይ ተርባይኖቹን ሲያዞር አምሽቶ ሲሰለቸው
ወደ እኔ ይወርዳል፣ አቧራውን ጭኖ፣ ሳይከፍል፣ ያለ ደረሰኝ።

ማሽኑ ይቆጥራል። ማታ ስረከበው ለሚሊዮን አሥራ ሰባት ጎድሎት ነበር፤
ዲንቂሳ ኬክ ገዝቶ፣ ቢላውን በጋዜጣ ጠቅልሎ፣
"ማን ይሆን የሚቆርጠው?" እያለ ከመስኮት መስኮት ይዞር ጀመር።

እኔ ቆረጥኩት። ሚሊዮን ምን አለው? እንደ ኬኩ ነው፣ ቢላ አያስቸግር፤
ስድስት ሁለት፣ ስድስት አምስት፤
ለፈለገው ሁሉ ይቆረሳል፣ ፍርፋሪ እንኳ ሳይቀር።
ለሲሚንቶ መኪና ደረሰ። ሹፌሩ ክሬሙን ከጢሙ ጠርጎ ነዳ።

ተከታዩ አንድ ሚሊዮን አንድ፤ ሲያዩት ኩሩ፣ ድፍን፤
ስንጥቁ ግን ውስጡ ነው፤
መቶ አንድ ጊዜ ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ አንድ።
ከእሱ ቀጥሎ ያለው ጥንድ ነው፣ ለሦስትም ይዳረሳል። ይለፍ።

ከዚያ
አንድ ሚሊዮን ሦስት።
አሮጌ ቮልስ፣ አንድ ሽማግሌ፣ ጎኑ ያለው ወንበር ባዶ፤
ብሩን አቀበለኝ፤ ደረሰኙን ስዘረጋለት "ምን ያደርግልኛል?" አለና ሄደ።
እጄ ላይ ቀረ።

አባቴ፣ መምህር ሁንዴሳ፣ እንዲህ ያለ ሲገጥመው ጠመኔውን ያስቀምጥ ነበር።
"ብቸኛ ቁጥር ይመስላል" ይላል። "ይመስላል ነው ያልኩት።
እስክታካፍዪው ድረስ ስም አታውጪለት።"
ሲሞት ቤቱን ሸጥን፤ አምስት ነን፤ ለአምስት እኩል ገባ፣ ሳንቲም አልተረፈም።
የተረፈው የሰሌዳ ኮምፓሱ ነው፣ የእንጨቱ፣ አንድ እግሩ የላላ፤
የሚፈልገው ጠፋ፤ እኔ ወሰድኩት።

የደረሰኙን ጀርባ ገልብጬ ጀመርኩ።
ሁለት ጠየቀው፤ አንድ ተረፈ። ሦስት ጠየቀው፤ አንድ።
አምስት፤ ሦስት።
ሰባት፣ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሦስት፣ ተማክረው እንዳደሩ ሁሉ፣
አራት፣ አራት፣ አራት።
በየበሩ ቆመ፤ በየበሩ መልስ ተሰጠው፤
እኩል ወስዶ የሚያስቀረው አጣ።

ባዶ ኮንቴይነር፣ ወደ ጅቡቲ። ሰሊጥ። ከሰርግ የሚመለስ ሚኒባስ፣ ሙሽራው የሌለበት፣
ሚዜው ግን አሁንም የሚያጨበጭብ።
ቆርጬ እሰጣለሁ፣ እመለሳለሁ፣ አካፍላለሁ።
እስከ ሺህ ብቻ ነው፤ ከሺህ ወዲያ ትልቅ አካፋይ ቢኖረው
ትንሹ ጓደኛው ወዲህ ማዶ ይያዝ ነበር።
እስከ ሺህ መቶ ስልሳ ስምንት በር አለ።
ሰማንያኛው ላይ ተሳሳትኩ። ሰርዤ ደገምኩ።
ወረቀቱ አለቀ፤ በኬኩ ካርቶን ላይ ቀጠልኩ፣
ክሬሙ ላይ እስክሪብቶው እምቢ አለ።

ዘጠኝ መቶ ዘጠና ሰባት። የመጨረሻው በር።
በአዋሽ በኩል ሰማዩ ገርጥቷል፤ ዲንቂሳ ወንበሩ ላይ አንቀላፍቷል።
በአንድ ሺህ ሦስት አባዛሁ፤ ቀነስኩ፤
እንደገና ቀነስኩ።
አሥራ ሁለት ቀረ።

"እህት! መልሴን እንጂ!"

"አሥራ ሁለት!" አልኩት፣ የምሥራች እንደምነግር፤ ቆጥሬም ሰጠሁት።
የቦቴው ሹፌር ብሩን አየ፣ እኔን አየ፣ ካርቶኑን አየ፤
"ስምንት ነው የሚደርሰኝ" ብሎ
አራቱን መለሰልኝ።